ልጄን ቤት ያስተማርኩበት ዓመት

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም መሃል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የበራችን ደወል በጮኸ ቁጥር መጀመሪያ ልጄ የት እንዳለች አያለሁ። ዕቃ ያዘዝኩት እኔው ራሴ ብሆን እንኳ ያው ነው።

የምንኖረው ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ነው። ባለቤቴ ሰናይት ሄንደርሰን ሆስፒታል ውስጥ የጠዋት ሺፍት ትሠራለች። እኔ ዘ ስትሪፕ የሚባለው ዋና ጎዳና ላይ ባለ ካዚኖ ሆቴል የእንግዶችን መኪና እየተቀበልኩ ፓርክ አደርጋለሁ፤ ሥራ የምገባው ከሰዓት በኋላ ነው። ያለችን አንድ ልጅ ኤልዳና ናት። ያኔ አራተኛ ክፍል ነበረች።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው መኸር ነው። አንድ ጠዋት ከትምህርት ቤቷ በስልኬ መልእክት መጣ። በሮች ተቆልፈዋል፣ ፖሊስ ግቢ ውስጥ ነው፣ ወላጆች እንዳትመጡ ይላል። ማን ይቀራል? ሁላችንም ሄድን። ከመንገዱ ማዶ አቆሙን። አንዲት እናት አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ ትጸልያለች። እኔ የልጄ ክፍል መስኮት የትኛው እንደሆነ ጠፍቶኝ ዓይኔ ይንከራተታል።

በመጨረሻ አንድ ልጅ ቦርሳው ውስጥ የያዘው መጫወቻ ሽጉጥ ሆኖ ተገኘ። ልጆቹ እየተሳሳቁ ወጡ። ኤልዳናም፣ "ዳዲ፣ መብራት አጥፍተን ተደበቅን" ብላ እንደ ጨዋታ አወራችልኝ።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። ስጠያይቅ፣ በዚህ ስቴት ልጅን ቤት ማስተማር የወላጅ መብት መሆኑን ሰማሁ። ምን እንደምታስተምር ገልጸህ ለትምህርት ቢሮው ታሳውቃለህ፣ በቃ። ቤትህ መጥቶ የሚፈትን የለም። እንዲህ ቀላል ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ሰናይት አልወደደችውም። ሁኔታዬን አይታ ግን፣ "እስከ ገና እንሞክረው" አለችኝ። ገና አለፈ፤ እኔ ግን ማስተማሬን ቀጠልኩ።

ጠዋት ጠዋት የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሒሳብና ንባብ እናጠናለን። ፊደልም አስቆጥራታለሁ። ቶሎ ትይዛለች፤ እውነቱን ለመናገር ኮርቼ ነበር። ብቻ አንዳንዴ እርሳሷን አስቀምጣ፣ "አሁን እነሱ ሪሰስ ወጥተዋል" ትለኛለች፤ የጨዋታ እረፍታቸውን ማለቷ ነው። እኔ ገጽ እገልጣለሁ።

ያን ቀን ደወሉ ሲደወል ክፍልፋይ እየሠራን ነበር። በበሩ ቀዳዳ ሳይ አንገቷ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለች፣ ጠና ያለች ሴትዮ ቆማለች። ከሕፃናት ጥበቃ ቢሮ መምጣቷን ነገረችኝ። "በትምህርት ሰዓት ቤት የምትውል ልጅ አለች፣ ስታለቅስም ተሰምታለች የሚል ጥቆማ ደርሶናል" አለች።

በዚያው ሳምንት በማካፈል ስሌት ተናድጄ ጮኼባት፣ አልቅሳ ነበር። ግድግዳችን ስስ ነው። ሥራ ቦታ አብሮኝ የሚሠራ የአገሬ ልጅ ሁልጊዜ፣ "እነዚህ ሰዎች ከመጡ በር እንዳትከፍት፤ ከገቡ ልጅህን ይዘው ነው የሚወጡት" ይላል። ለሰናይት ደወልኩ፤ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ።

ሴትዮዋ ከበሩ ውጪ ሆና፣ "ልታስገባኝ አትገደድም። ግን ልጅቷን አግኝቼ ባናግራት ነገሩ ቶሎ ያልቃል" አለች። አለመክፈት መብቴ ከሆነ ባልከፍትስ? ባልከፍት ደግሞ የሚደብቀው አለ ቢሉስ? እጄ መቀርቀሪያው ላይ እንዳለ ኤልዳና ከኋላዬ መጥታ፣ "ዳዲ፣ ማን ነው?" አለች። ከፈትኩ።

ሴትዮዋ ልጅቷን ሳሎን ውስጥ ለብቻዋ አነጋገረቻት። እኔ ኩሽና ገብቼ የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ። ጆሮዬ ግን እዚያው ነው። ምን እንደምትማር፣ ምን እንደምትበላ፣ ስቆጣት እመታት እንደሆነ ጠየቀቻት። "አይመታኝም፣ ይጮኻል፣ ከዚያ ሶሪ ይላል" አለች ልጄ። ሴትዮዋ ቀጥላ፣ "ትምህርት ቤት መሄድ ያስፈራሻል?" አለቻት።

"እኔን? ኖ" አለች ኤልዳና። "ዳዲ ነው የሚፈራው። ትምህርት ቤት እያለሁ በሪሰስ ሰዓት እየመጣ አጥሩ ጋ ይቆም ነበር። እንዳያፍር ብዬ እንዳላየሁት እሆን ነበር።"

የውኃውን ቧንቧ ዘጋሁት። ማንም ያየኝ አይመስለኝም ነበር።

ሴትዮዋ ስትወጣ፣ "ልጅህ ደህና ናት፤ ጥቆማውን እዘጋዋለሁ። ቤት ማስተማር መብትህ ነው" አለችኝ። ስለ አጥሩ ሳታነሳብኝ ወደ መኪናዋ ሄደች። አንድ ነገር ብትለኝ እመርጥ ነበር።

ሰናይት በእረፍቷ መልሳ ስትደውል ሁሉንም ነገርኳት። ትጮኽብኛለች ስል ቀስ ብላ፣ "ዳኒ፣ ሕጉንማ ጠይቀሃል። እሷን ጠይቀሃታል?" አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ኤልዳና አጠገብ ተቀመጥኩ። "ትምህርት ቤት መመለስ ትፈልጊያለሽ?" አልኳት። ፊቴን እያጠናች፣ "እኔ ብሄድ፣ አንተ ኦኬ ትሆናለህ?" አለችኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት ይህን የምትጠይቀኝ። እሆናለሁ አልኳት። እንዳላመነችኝ ያስታውቅ ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ እዚህ ትምህርት ሲጀመር፣ ተመለሰች። ጓደኞች አፍርታለች፤ በሒሳብ ከክፍሏ ቀድማለች። ማን እንደጠቆመብን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። አንዳንዴ ጎረቤቶቼን ሰላም ስል እጠረጥራለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ያን ሰው ማመስገን ያምረኛል።

በቅርቡ አንድ ሌላ የሥራ ባልደረባዬ ልጁን ከትምህርት ቤት ማውጣት አስቦ፣ "እዚህ ይፈቀዳል እንዴ?" ሲል ጠየቀኝ። "ይፈቀዳል፣ ቀላል ነው" አልኩት። "ልጅህንስ ጠይቀኸዋል?" ብዬ ልጨምርለት ፈልጌ ነበር፤ ከየት እንደምጀምረው ስፈልግ መኪና መጣና ቁልፍ ተቀብዬ ሮጥኩ። ስመለስ እሱም ሌላ መኪና ይዞ ሄዷል። እስካሁን አልነገርኩትም። በየቀኑ እንገናኛለን።