ሳይገዙ የቀቡት ቤት

ብሩሽ የሚሉት ቀለም ቀቢ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲያሳምር ኖሮ የራሴ የሚለው ግድግዳ አልነበረውም። ከሚስቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው የሚኖረው፤ ትልቋ ልጅ ልብስ ልትቀይር ስትል ሁሉንም ወደ ውጭ ታስወጣቸዋለች። ስለዚህ መንግሥት ዋስ የሚሆንበት፣ ቅድሚያ ክፍያው ትንሽ የሆነ የቤት ብድር አለ ሲባል ሰውዬው እንቅልፍ አጣ።

ሚስቱ ግን በቀላሉ የምትሞቅ ሴት አይደለችም።

"ቅድሚያው ሲያንስ ዕዳው ይገዝፋል" አለችው። "በዚያ ላይ በየወሩ የዋስትና ኢንሹራንስ አለ። ነገ የቤት ዋጋ ቢወርድ ሸጠነው እንኳ ከዕዳው አንወጣም።"

"እና እስክናረጅ ኪራይ እንክፈል?"

ዕቃ ማጠቧን ቀጠለች። እሱም የረታ መሰለው።

ቤት ተገኘ። የባንኩ ገምጋሚ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየና፣ የውጭው ቀለም ስለተላላጠ ይህ ሳይስተካከል ብድሩ አይፈቀድም አለ። ሻጯ፣ አንዲት ጡረተኛ እናት፣ ለሚሸጥ ቤት ሳንቲም አላወጣም ብለው ድርቅ አሉ። ብሩሽ ሳቁ መጣ። ከጉድለት ሁሉ ይህ ይገኝ!

"ይተዉት እትዬ፣ ይሄማ የኔ ሥራ ነው።"

"ውል ሳትፈርም?" አለች ሚስቱ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ፋቀ፣ ስቱኮ መታ፣ ቀባ። ማንም ሳያዘው ደግሞ ወደ ውስጥ ገባና ትልቋ ልጁ ለራሷ የመረጠቻትን ክፍል በወደደችው ፈዛዛ አረንጓዴ ቀባላት።

ቤቱ ሙሽራ መሰለ። ገምጋሚው ተመልሶ እስኪመጣ ሲጠበቅ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆም ብሎ ያይ ጀመር።

"ልጄ፣ አትቀየመኝ" አሉት ሻጯ። "አንድ ሰው ሙሉውን በጥሬ ገንዘብ አመጣ። ያንተ ባንክ መቼ እንደሚጨርስ አይታወቅ። የድካምህን እከፍልሃለሁ።"

ሚስቱ የዘረዘረችው ሁሉ ልክ ነበር፤ በዚያ ብድር የሚገዛ ሰው ጥሬ ገንዘብ ከያዘ ጋር ሲሰለፍ ኋላ እንደሚቀር ግን እሷም አላሰበችውም። ባልዲውን ይዞ ወደ ኪራይ ክፍሉ ተመለሰ። እሷም ብዬህ ነበር አላለችውም።

ሳምንት ሳይሞላ ሻጯ ደወሉለት።

"ገዢው ልጅ የለውም፤ አረንጓዴዋን ክፍል ነጭ ማድረግ ይፈልጋል። አንተን ጠቆምኩለት።"

ኪራይ ደርሶ ስለነበር ባልዲውን አንስቶ ሄደ። አረንጓዴው በአንድ እጅ አልጠፋ ብሎ ሁለቴ ቀባው። ማታ ትልቋ ልጁ የት ሲሠራ እንደዋለ ብትጠይቀው፣ "ሰው ቤት" አላት።