አቤት ያላልኩበት ቀትር

እናቴ ስትሄድ ሦስት ነገር አዘዘችኝ፤ ውሃ እንዳላባክን፣ ሁለቱን ወንድሞቼን ከዓይኔ እንዳላርቅ፣ በቀትር ስሜን ለሚጠራኝ አቤት እንዳልል። በእኛ ቆላ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ጥላ ይይዛል። ያን ጊዜ ከሜዳ የሚጣራ የቀትር ጋኔን ነው ይባላል። አቤት ያልሽው እንደሆነ ተከትለሽው ትሄጃለሽ፣ አለቀ።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴን ወባ ጥሎት እናቴ ልታሳክመው ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ ወሰደችው። "ነገ እንመለሳለን" ብለው ነበር። በማግስቱ መንገዱ ላይ ተኩስ ተከፈተና መኪና ቆመ። አባቴ የሚሠራበት የሰሊጥ እርሻ ሰዎች ግማሹ ጠመንጃውን አንግቶ ወጣ፣ ግማሹ ወደ ጫካ ሸሸ። እኛንም ኑ ብለውን ነበር፤ "እናቴ መጥታ ብታጣንስ?" ብዬ እምቢ አልኩ። ደፋር ነኝ ባይ! ደደብ እንጂ የምን ደፋር።

አራት ቀን ብቻችንን ኖርን። ማሽላ እየቀቀልኩ ንፍሮ አበላኋቸው፤ ከበርሜሉ ውሃ በጣሳ እየለካሁ ሰጠኋቸው። የደረሰው ሰሊጥ የሚያጭደው አጥቶ ይረግፋል። ትንሹ ወንድሜ "ትልቅ ሰው ሁሉ አለቀ እንዴ?" ሲለኝ በጥፊ አልኩት። እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበርና ጥያቄው አናደደኝ።

በአራተኛው ቀን፣ በቀትር፣ ከደረቁ ወንዝ በኩል ስሜ ተጠራ። ድምፁ የተሰነጠቀ ነው፤ የልጅ ይሁን የአሮጊት አይለይም። ትንሹ አፉን ሲከፍት በመዳፌ አፈንኩት። "በስመ አብ በል!" አልኩት፣ አፉን ይዤ እንዴት ይበል። እንደገና ተጠራሁ። በሦስተኛው "ነይልኝ" አለኝ። ጋኔን ሌላ ምን ሊል ነው? በሩን ቀረቀርኩና ሁለቱንም አቅፌ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

አመሻሽ ላይ እናቴና አባቴ ደረሱ። እናቴ እየሳመችን አለቀሰች፣ "ጎበዝ ልጄ" አለችኝ። ወሬውን የሰማነው በማግስቱ ነው። ከወንዙ ማዶ የምትኖር ጓደኛዬ፣ እናቷ ለንግድ ወደ ሱዳን እንደተሻገረች መንገድ ተዘግቶባት፣ እንደ እኛው ብቻዋን ቀርታ ኖሯል። ውሃ አልቆባት፣ ትኩሳት እያንቀጠቀጣት፣ ሕፃን ወንድሟን አዝላ ስትመጣ ወንዙ ዳር ዛፍ ሥር ወደቀች። ሰዎች ሲያገኟት እሷ ትተነፍሳለች። ሕፃኑ ሞቷል። ያን ቀን በርሜላችን ውስጥ ግማሽ ያህል ውሃ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ወንድሜ ረስቶታል፣ ወይም የረሳ ይመስላል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ፀሐይ አናቴ ላይ ስትሆን መዳፌ ላይ የአፉ ሙቀት ይሰማኛል፤ ራሴን እጠላለሁ።

አምና ገንዳ ውሃ መናኸሪያ ላይ ከዚያች ጓደኛዬ ጋር ተገናኘን። የራሷን ልጅ አዝላለች። ተቃቅፈን፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ስለዚያ ቀን ያነሳችው እሷ ናት።

"ስጠራሽ ስጠራሽ... ለካ እናንተ ቀድማችሁ ሄዳችኋል።"

"አዎ" አልኳት።

"አውቄያለሁ እኮ" አለችና እጄን ጨበጥ አደረገችው፤ "ብትኖሪማ ትደርሺልኝ ነበር።"