በጆንያ ክር የተሰፋው ኮት

መጀመሪያ አንድ ነገር ተረዱልኝ። እኔ ልባሽ ጨርቅ የምገዛው ቸግሮኝ ብቻ አይደለም፤ መምረጥ ስለማውቅበትም ነው። በጡረታ አበል ዘንጦ መኖር ይቻላል፤ ዓይን ግን ይፈልጋል። ከቦንዳ የወጣ ልብስ ሳነሳ እንደ ፈተና ወረቀት ነው የማርመው... አንገቱን፣ ብብቱን፣ ክርኑን፣ በመጨረሻ ገልብጬ ገበሩን። ወረታ ከተማ ውስጥ «መምህር ዛሬም ሙሽራ መስለዋል» የሚሉኝ በዚህ ነው።

ከወር በፊት ይፋግ ገበያ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ኮት አገኘሁ፤ በአንድ ዶሮ ዋጋ። አንገቱ ንጹሕ፣ ክርኑ ያልሳሳ። ገበሩ በውስጥ ኪሱ በኩል ተቀድዶ ነበር፤ ግን አንድ ሰው በሰማያዊ የጆንያ ክር አሳምሮ ሰፍቶታል። ስፌቱን አድንቄ ሙሉ ማርክ ሰጠሁት።

«ከውጭ የመጣ ነው?» አልኩት ሻጩን።

«ትናንት ከቦንዳ የተፈታ!» አለኝ።

ወረታ ወስጄ ወገቡን አስጠበብኩ፤ ቁልፎቹን አስቀየርኩ። አዲስ ሆነ።

ባለፈው እሑድ ጠዋት ያንን ኮት ለብሼ ለሽምግልና ሄድኩ። ደሳለኝ የሚባል የድሮ ተማሪዬ ከይፋግ አጠገብ ካለች መንደር ልጅ ወድዶ «መምህር፣ እርስዎ ካልሄዱልኝ አይሆንም» ብሎኝ ነው። የልጅቱ አባት ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። ከአንድ ቄስ ጋር ገባንና እንደ ወጉ ቆምን። ቤቱን ወክሎ የተቀበለን የሟቹ ወንድም ነው።

«አረፍ በሉ እንጂ» አለን።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልን።

የምናገረውን በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ። ያለ ዝግጅት ክፍል ገብቼ አላውቅም። መነጽሬን ከውስጥ ኪሴ ላወጣ ኮቴን ገለጥ አደረግሁ...

እናትየዋ ማጀቱ በር ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው ደረቴ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«መምህር... ያንን ኮት ከየት አገኙት?»

«ከገበያ ነው፣ እመት። ከይፋግ።»

«እስቲ ገበሩን ያሳዩኝ።»

ገለጥኩላቸው። ቀረብ ብለው ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት።

«የሰፋሁት እኔ ነኝ። ክር አጥቼ ከሩዝ ጆንያ መዝዤ። ለሙት ዓመቱ ለነፍሱ ብለን ለነዳያን የሰጠነው ነው።»

ቄሱ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው «ያውልቁት!» አሉኝ። አንዱን እጄን ሳወጣ ደግሞ «ኧረ ይተዉት፣ ይብሳል!» አሉኝ። ግማሹን ለብሼ ግማሹን አውልቄ ቆሜ ቀረሁ።

የሟቹ ወንድም ራሱን ነቀነቀ። «ጉድ እኮ ነው! ወንድሜ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ መጣብን!»

ማንም አልሳቀም። እሱም አልሳቀም።

የጻፍኩት ንግግር ከነወረቀቱ ጠፋብኝ። ቄሱ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው በአጭሩ ጨረሱት። መልሱ «ለፊታችን እሑድ ተመለሱ» ሆነ። ይህ ወጉ ነው፤ እሺም እንቢም አይደለም። ያስፈራኝ በር ላይ የሰማሁት ነው። እናትየዋ ሲሸኙን ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አድርገው፣

«ሲመለሱ ይህንኑ ለብሰው ይምጡ» አሉኝ።

ወቀሳ ይሁን ናፍቆት... ከድምፃቸው መለየት አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ እህል አልበላ ብሎኛል። ደሳለኝ በየቀኑ ይደውላል። «መምህር፣ ስለ እግዜር አይልበሱት! ልጅቱ ስታለቅስ ዋለች አሉ። እንቢ ቢሉኝስ?» ቄሱ ደግሞ «የእናትየዋ ቃል ነው፣ ይልበሱት» ይላሉ። ባለቤቴ «አጣጥፈህ መልስላቸው» ትለኛለች። እንዴት አድርጌ? ለነፍስ የተሰጠ ምጽዋት ለሰጪው ይመለሳል?

የምወቅሰው ራሴን ነው። በእኛ ሩዝ አብቃይ ፎገራ የሩዝ ጆንያ የሌለበት ቤት የለም። ያንን ክር በዓይኔ እያየሁ፣ በእጄ እየዳሰስኩ፣ «ከውጭ የመጣ ነው?» ብዬ የጠየቅሁ እኔ ነኝ... ዕድሜ ልኩን የሰው ስህተት ሲያርም የኖረ ሰው! ስፌቱን አረምኩ፤ ማን ሰፋው ብዬ ግን አልጠየቅሁም።

ትናንት ከዚያ ስፌት አንዲት ክር ተመዝዛ አየሁ። ባለቤቴ መርፌ ይዛ መጣች።

«አትንኪው» አልኳት። ለምን እንደሆነ ራሴም አላወቅሁም።

እናንተ ብትሆኑ ትለብሱታላችሁ ወይስ ትተዉታላችሁ? አደራ፣ እስከ ዓርብ ማታ መልሱልኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ካውያው ይጋላል።