በእድሩ ድንኳን የተሸፈነ የዶሮ ኩስ

አቶ ተክለብርሃን አንድ ቀን እንጦጦ ፓርክ ወጥተው ያንን የተንጣለለ ሳር አይተው ከተመለሱ ወዲህ ልባቸው አላረፈም። አያት ሰፈር የሠሩት ቤት ደጃፍ ላይ አራት ሰው የማታስተኛ ሳር አለቻቸው፤ እሷኑ ያንን ካላስመሰልኩ ብለው ተነሡ። ማንም አይቀመጥባትም። ባለቤታቸው ሒሩት እንኳ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ በዳር በዳሩ ነው የምትሄደው። እንግዳም ሳሯን ሳያደንቅ ከገባ ፊታቸው ይጠቁርበታል።

ሳሯ ግን ይህን ሁሉ ክብር ንቃ ቢጫ ሆነች። የመሥሪያ ቤት ባልደረባቸው የዶሮ ኩስ ፍቱን ነው አላቸው። ከለገጣፎ ወዲያ ዶሮ የሚያረባው ዋቅቶላ፣ ኩሱ ገና እርጥብ ስለሆነ ደርቆ እስኪበስል ሜዳ ላይ ይቆይ ብሎ መክሯቸው ነበር። ባለ ዲግሪ ሰው ደግሞ የዶሮ አርቢ ምክር ይሰማል እንዴ? ስድስት ጆንያ እርጥብ ኩስ በቪትዝ መኪናቸው ጭነው፣ አራቱንም መስኮት ከፍተው፣ አፍንጫቸውን በሻርፕ ጠምጥመው ገቡ። ሒሩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን በታክሲ መሄድ ጀመረች።

ክረምቱ አልፎ ሳሯ ላይ እስኪበትኑት ድረስ፣ ጎረቤት እንዳያይባቸው ጆንያዎቹን ሰርቪስ ቤት ከተቷቸው። የሰርቪሱ ጣሪያ ያፈሳል። አቶ ተክለብርሃን የእድሩ ንብረት ያዥ ናቸውና ወንበሩም፣ ድስቱም፣ ድንኳኑም የሚቀመጠው እዚያው ነው። ሸራ ዝናብ አያስገባም ብለው የእድሩን ድንኳን ዘረጉና ክረምቱን ሙሉ ኩሱን ሸፈኑበት። ሒሩት የሰው ንብረት እኮ ነው ብትላቸው፣ ምን ይሆናል ብለው አለፏት። ሐሳባቸው ሌላ ጋ ነበር። በመስከረም መጨረሻ እድሩ ሰብሳቢ ይመርጣል፤ እሳቸው ደግሞ ያቺን ወንበር ሦስት ዓመት ሙሉ ሲቋምጡላት ኖረዋል።

ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ጎረቤታቸው አቶ ፀሐዬ ዐረፉ። ስኳር እግራቸውን አቁስሎት ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘውድነሽ በየቀኑ ቁስል እያጠቡ፣ አንሶላ እየቀየሩ፣ እንቅልፍ አጥተው አስታመዋቸዋል። ድንኳኑ ደጃቸው ላይ ተተከለ። ፀሐይ ሲያርፍበት ሸራው ክረምቱን የጠጣውን ሁሉ አወጣ።

ድንኳን ይሸታል ብሎ ያሰበ ለቀስተኛ አልነበረም። ሰው ነጠላውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ያ ቁስል ነው፣ ቤቱን ሁሉ አበላሽቶታል፣ ሴትዮዋ በደንብ አልያዘቻቸውም ማለት ነው እያለ ተንሾካሾከ። ወሬው ከሐዘንተኛዋ ጆሮ ደረሰ። ሽታውን ከማንም በፊት የለዩት አቶ ተክለብርሃን ነበሩ፤ አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ይበቃ ነበር። ያቺ ቃል ግን ወንበሯን ታሳጣቸዋለችና ዋጧት። ሒሩት ጥግ ይዛ እንዲናገሩ ብትለምናቸው፣ ከምርጫው በኋላ ብለው ማሉላት።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ዘውድነሽ የታጠፈ ጋቢ ይዘው ወጡና ወደ እሳቸው መጡ።

«እርስዎ የውጭ ሰው አይደሉምና እውነቱን ይንገሩኝ፤ ቤቴ ይሸታል?»

አቶ ተክለብርሃን የድንኳኑን ምሰሶ ተመለከቱ።

«ያው የሕመም ነገር ነው» አሉ። «በእርስዎ አይፈረድም።»

ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፉ። ጋቢው ባለቤታቸው እስከ መጨረሻው ቀን የለበሱት ነው፤ ለማስታወሻ ሊያስቀሩት ነበር። እኔ ለምጄው ይሆናል የማይሸተኝ ብለው፣ ወስደው እንዲጥሉላቸው ለመኗቸው። አቶ ተክለብርሃን ተቀበሉ። ጋቢው የሚሸተው ሳሙና ብቻ ነበር። ወስደው ጣሉት።

እሑድ በጭብጨባ ተመረጡ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ከሐዘን ቤት መውጣት ባይችሉ፣ የእኔም ድምፅ ለእሳቸው ነው ብለው ሰው ልከው ነበር። ቤት ሲገቡ ሒሩት ቃላቸውን አስታወሰቻቸው፤ በሉ አሁን ሄደው ይንገሯቸው አለች።

አቶ ተክለብርሃን ኮታቸውን አውልቀው በጥንቃቄ ሰቀሉ።

«አሁንማ ሰብሳቢ ነኝ» አሏት። «የሚዋረደው እድሩ ነው።»