በአውድማ ላይ የተራመድኋቸው ፊደሎች

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ባለችው መንደራችን ንባብ የጨረሰ ልጅ ይደገስለታል። ጠላ ይጠመቃል፣ እንግዳ ይጠራል፣ ልጁ በሰው ፊት ያነባል፤ አንብቦ ሲጨርስ በጉ ይታረዳል። አባቴ የእኔን በግ ለመግዛት ፈረስ ቤት ገበያ ድረስ ሄደ። ጠጉሩ የተንዠረገገ የደጋ በግ ነበር። ደጃችን ታስሮ ሲያመሰኳ ባየሁት ቁጥር አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ፤ ማንበብ አልችልም ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኔታ የሚያስተምሩን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ፣ ዛፍ ሥር ነበር። ሁሉም ልጅ የየራሱን በአንድ ጊዜ ይጮሃል። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ የሰማሁት አይጠፋኝም። መጠቆሚያ ስንደዶዬን በመስመሩ ላይ እያስኬድሁ፣ አጠገቤ ካለው ልጅ አፍ እየነጠቅሁ እለዋለሁ። ፊደሎቹ ግን አይረጉልኝም፤ «ለ» ብዬ ያየሁት መለስ ብዬ ሳየው «ሰ» ሆኖ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ ሰው ሁሉ እንዲህ የሚሆን ይመስለኝ ነበር። እንዳልሆነ ሲገባኝ ፈራሁና ለማንም ሳልናገር ቀረሁ።

አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ከእርሻ ሲመለስ «እስቲ አንብብልኝ» ይለኛል። መጽሐፉን ከፍቼ እንደ ውሃ አወርድለታለሁ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ዛሬም ቢሆን ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው።

የድግሱ ዕለት ከቡሬ የመጡ አንድ መሪጌታ ከፊቴ ተቀመጡ። መጽሐፉን ከፈትሁ፣ በቃሌ ለቀቅሁት፣ ሰው ሁሉ ደስ አለው። መሪጌታው ግን እጃቸውን ሰደድ አድርገው ጥቂት ቅጠል ገለበጡና ጣታቸውን ከገጹ መሐል አኖሩ።

«ከዚህ በል እስቲ።»

የማደርገው ቢቸግረኝ ከመጽሐፉ መጀመሪያ አንስቼ በቃሌ መውረድ ጀመርሁ። አንድ ሰው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፤ ተነሣና በጉን ፈትቶ ወደ ጋጣ መለሰው። እንግዶቹ ጠላቸውን ጠጥተው ተበተኑ።

አልመታኝም። ቢመታኝ በወደድሁ። «አንብብልኝ» ማለቱን ብቻ ተወ። ጠዋት በተነሣሁ ቁጥር በጉ ከጋጣው ሆኖ ያየኛል፤ ከቤት እወጣለሁ፣ ወደ ወንዙ እወርዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ። የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ለመጥፋትም አስቤ ነበር።

በሳምንቱ የኔታ ቤታችን መጡ። አባቴ «ይተዉት የኔታ፤ ልፋትዎ ለከንቱ ነው። ከእኔ ጋር ይረስ» አላቸው።

«እስከ ፋሲካ ስጠኝ» አሉ የኔታ። «ካልሆነ ያንተ ነው።»

በማግሥቱ ወደ ዛፉ ሳይሆን ወደ አውድማው ወሰዱኝ። ውቂያው አልቆ ባዶውን ነበር። አመድ በቁና ይዘዋል።

«ቁጭ ማለት አትችልም፣ አይደል?»

«አልችልም የኔታ።»

«እንግዲያ ማን ቁጭ በል አለህ?»

አመዱን እየበተኑ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ «ለ» ጻፉ። በአንዱ እግሩ ወጥቼ በሌላው እንድወርድ፣ ስሄድም ስሙን ድምፄን ከፍ አድርጌ እንድጠራ አዘዙኝ። በማግሥቱ «ሰ» ሆነ፤ እሱ አንገት አለው፣ አናቱ ላይ ደርሼ አንገቱን ወጥቼ ነው የምመለሰው። «በ» ትከሻው ደልዳላ ነው። በቀን አንድ ፊደል ብቻ። ከሌሎቹ ልጆችም አራቁኝ። «ከሰው አፍ መንጠቅ የለም» አሉኝ።

ልጆቹ ከአጥሩ ማዶ ቆመው «አበደ» እያሉ ይስቁብኛል። ብግን እላለሁ። አንድ ቀን አመዱን በእግሬ በታትኜ ሄድሁ። ስመለስ ያንኑ ፊደል እንደገና ጽፈው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይጠብቁኛል። አፍሬ ገባሁና ተራመድሁት። ጾሙ ሲጋመስ ከአውድማው ወደ መጽሐፉ አሻገሩኝ፤ ጣቴ መስመሩን ሲከተል እግሬ መሬቱ ላይ ይጽፋል።

ፋሲካ ጥቂት ቀን ሲቀረው አባቴ ደጅ ተቀምጦ ቀንበር ሲጠርብ መጽሐፉን ይዤ ሄድሁ።

«አባባ፣ ልጀምር?»

መጥረቢያውን አስቀመጠ። ጀመርሁ። አንዷን ቃል ሦስት ጊዜ ወደቅሁባት። እግሬ አላርፍ አለ። በቃህ ይለኛል ብዬ ቀና ስል ዓይኑን አልጨፈነም፤ አቧራው ላይ የሚጽፈውን እግሬን ያያል።

«ተሳሳትሁ፣ ልመልሰው» አልሁ።

«መልሰው።»

መለስሁት። መስመሩ አለቀ።

«ያን ጊዜ የተቀየምሁህ ማንበብ ባለመቻልህ መስሎህ ነበር?» አለኝ አባቴ። «አለማንበቡስ የቤታችን ነው። እንደ እኔ መሆንህን ከእኔ ደበቅኸኝ እንጂ።»

መስመሩ በእንባ ጠፋብኝ፤ በጣቴ ፈለግሁት።

«ቀጥል» አለ አባቴ፣ ወደ ጋጣው እያየ። «በጉ እንደሆነ አይቸኩልም።»