መቅዘፊያው በማን ልክ ይቆረጥ?

ሠላሳ ዓመት ለማንም ሳልናገር የያዝኩትን ነገር፣ ቅዳሜ ጠዋት አማቼ ታሪኩ ከግድግዳ አውርዶ በረንዳዬ ላይ አቆመብኝ።

የሟቹ ባለቤቴ መቅዘፊያ ነው። የልጄ የማርታ አባት ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ አስጋሪ ነበር። ከቀላል እንጨት በታሠረች ታንኳ ላይ ቆሞ ነበር የሚቀዝፈው። ከሞተ ወዲህ መቅዘፊያው ሳሎን ውስጥ ከፎቶው በላይ ተሰቅሎ ኖሯል።

ታሪኩ ደግሞ ወደ አገሩ ከሚመለስ እንግዳ ላይ ሁለት ሰሌዳ ገዝቷል። በአየር ይነፋና ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሰው ላዩ ላይ ቆሞ ይቀዝፋል። እሱና ልጄ ማርታ ጎብኚ ሊያስቀዝፉበት ነው። ከሰሌዳው ጋር መቅዘፊያ ስላልነበረ አናጢ ሁለት ረጃጅም ጠረበላቸው። «ልኩን በኋላ እንቆርጣለን» ተባለ።

«አዞውስ?» አልኳቸው።

«እማ፣ አዞ ገበያው እኮ ወዲያ ማዶ ነው!» አለች ማርታ።

አዞዎቹ ፀሐይ የሚሞቁበት ዳርቻ «ገበያ» ስለተባለ፣ አዞ ከገበያው ወጥቶ የማያውቅ ይመስል... ተውኩት።

ቅዳሜ ታዲያ ታሪኩ የአባቷን መቅዘፊያ ከአዲሶቹ ጎን አቆመና እርሳስ አወጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልክ ልወስድ ነዋ፣ እማማ። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀዘፉበት ነው። ከዚህ የተሻለ ልክ ከየት ይመጣል?»

«እሱ አጭር ነው።»

«አጭር አይደለም፣ ጥበብ ነው! ማርታ ነግራኛለች፣ አባባ ጎንበስ ብለው ነበር የሚቀዝፉት። ጉልበቱ ከወገብ ነው የሚመጣው።» ጎንበስ አለና በረንዳዬን ከዳር እስከ ዳር ቀዘፈልኝ። ማርታ አጨበጨበች።

ከሰሌዳው ጋር የመጣ አንድ ወረቀት ነበር። ራሴን ማንበብ ያስተማርኩት ማርታ ባለፈችባቸው ክፍሎች መጻሕፍት ነው። የወረቀቱ እንግሊዝኛ አይገባኝም። ሥዕሉ ግን ለማንም ይገባል... ሰውየው መቅዘፊያውን አጠገቡ አቁሞ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል፣ ጫፉ የእጁ አንጓ ላይ ይደርሳል። ወስጄ አሳየኋቸው።

«እሱ ለፈረንጅ ነው፣ እማማ።»

«እጅ ያለው ፈረንጅ ብቻ ነው እንዴ?»

«እማ ደግሞ! አንድ ቀን ሐይቅ ላይ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?» አለች ልጄ።

አላውቅም። ይህን መቅዘፊያ ግን ከሁለቱም በላይ አውቀዋለሁ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ቤታችን ዝቅ ያለች አንድ ክፍል ነበረች። ውጭ ካደረ ይሰረቃል እያለ መቅዘፊያውን በየቀኑ ይዞት ይገባል። ሲያስገባው መቃኑን ይመታል፣ ሲያዞረው ዕቃዬን ይጥላል። አንድ ቀን የፋኖሴን መስታወት ሰበረው። በሳምንቱ እሱ ኦቾሎ መንደር ለቅሶ ሄዶ ሳለ ከጎረቤት መጋዝ ተዋስኩና ከላይ አንድ ክንድ ቆረጥኩለት። አባቱ ጠርቦ የሰጠው መሆኑን አውቃለሁ። አውቄ ነው የቆረጥኩት።

ሲመለስ አነሳው። መቅዘፊያውን አየ፣ እኔን አየኝ...

«አሁን በደንብ ይገባል» አለ። በቃ፣ ይኸው ብቻ።

የአባቴ የእጅ ሥራ ነው እያለ ሌላ አላሠራም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎንበስ ብሎ ቀዘፈ። ወገቡን ሲያመው «ቀጥ በል እንጂ፣ ገና በጉብዝናህ ሽማግሌ መሰልክ!» እለው ነበር። የምለው እኔ! የገደለው ወገቡ አይደለም፣ ሌላ በሽታ ነው። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ግን የጫማውን ክር የማሥርለት እኔ ነበርኩ።

ይህን እዚያው በረንዳ ላይ መናገር ነበረብኝ። ግን ማርታ ስለ አባቷ አቀዛዘፍ ለጎብኚ የምትናገረውን ሳይቀር አዘጋጅታለች።

ከሰዓት በኋላ ሰሌዳውን በአባቷ መቅዘፊያ ልትሞክር ወደ ሐይቁ ወረደች። እኔም ተከትዬ ሄድኩ። ዳር ዳሩን እያለች ቀዘፈች። አንድ ሰዓት ሳይሞላት ተመለሰች። ከሰሌዳው እንደወረደች ግራ እጇን ወገቧ ላይ ጭና ቆመች... ቁርጥ አባቷን።

«አመመሽ?»

«ልምድ ነው፣ እማ። አባባም ሲጀምር እንዲህ ሆኖ ይሆናል።»

አልሆነም! ሲጀምር እንደ ዶርዜ ቀርከሃ ቀጥ ያለ ሰው ነበር! ቤት ስደርስ ያደረግኩት ነገር ቢኖር፣ ታሪኩ ያዘጋጀውን መጋዝ አንስቼ ቁም ሳጥኔ ውስጥ መቆለፍ ነው።

«እማማ፣ መጋዙን አይተውታል?»

«አላየሁም።»

በዚህ ዕድሜዬ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆኜ፣ መጋዝ ደብቄ እዋሻለሁ።

ታሪኩ ምን ቸገረው? «ግድ የለም፣ ሰኞ አናጢው የራሱን ይዞ ይመጣል» ብሎ ሳቀ።

የአርባ ምንጭን መጋዝ ሁሉ ልደብቅ አልችልም። የልጄም ወገብ እንደ አባቷ ወገብ ሲጎብጥ ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም። ለአባቷ ዝም ብዬ ነበር። ለሷ ግን ዝም ማለት ሁለተኛ መቁረጥ ነው።

ዛሬ እሑድ ነው። ከጸሎት መልስ ተቀምጬ ይህን በደብተር ወረቀት ላይ ጻፍኩ። እናንተ የምታነቡት ግልባጩን ነው። ገጾቹ ግን የማርታ ናቸው... ነገ ጠዋት፣ አናጢው በሩን ሳያንኳኳ፣ እጇ ላይ አኖራቸዋለሁ።