ያልተቆረሰው ድፎ

ይህ የሆነው ጣልያን አዲስ አበባን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ኮልፌ፣ እኔው ግቢ። ለሰው አውርቼው አላውቅም። አሁን አርጅቻለሁ፤ ይዤው መቀበር አልፈለግኩም።

ያን ጊዜ ሸማኔ ነበርኩ። በየወሩ በአስራ ሁለት የሚካኤልን ጽዋ የምንጠጣ አስራ አንድ ማህበርተኞች ነበርን፤ ተራው እኔ ጋ ደርሶ ነበር። በኛ ማህበር ድፎው ተባርኮ ሲቆረስ የመጀመሪያውን ቁራሽ የሚበላው ደሃ ነው። እሱም ከኛው ጋር መደብ ላይ ተቀምጦ፣ ባለተራው እጁን አስታጥቦት ነው። በር ላይ መስጠት ነውር ነው።

በዚያ ወር ግን ሰው ሁሉ ፈርቷል። ሰው የተሰበሰበበት ቤት ይጠቆማል፣ የተጠቆመ ይወሰዳል፣ የተወሰደ አይመለስም። ማህበርተኞቹ አንድ አንድ እያሉ በጓሮ ገቡ። ቄሱ እንኳ ጥምጥማቸውን ፈትተው፣ ጋቢ ተከናንበው መጡ። ጸሎቱን በሹክሹክታ ስንጀምር በር ተንኳኳ።

ወጣሁ። የማላውቀው ሰውዬ ነው፤ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ በትር ተደግፏል።

«ስለ ሚካኤል» አለ። «ዛሬ እዚህ ቤት ነው ብለውኝ ነው።»

«ማን ነው ያለህ?»

«ሰው።»

ሰው ካወቀ ጣልያንም ያውቃል ማለት ነው።

ሚስቴ አስካለ ከኋላዬ መጣች። «ምን ታቆመዋለህ? አስገባው እንጂ።»

«ጆሮ ጠቢ ቢሆንስ?»

«ቢሆንስ? የሚካኤል እንግዳ ነው።»

እኔ አንዴ እምቢ ካልኩ እምቢ ነኝ። ካልተቆረሱት ሁለት ድፎዎች አንዱን እንዳለ አንስቼ አሸከምኩት። ብዙ ከሰጠሁት ቶሎ ይሄድልኛል ብዬ ነው።

ሰውየው ዳቦውን አየ፣ እኔን አየ። «ይሄ በዛ ጌታዬ። ትንሽ ቁራሽ ቁጭ ብዬ ብበላ ይሻለኝ ነበር። እግሬ እምቢ ብሎኛል።»

«ይዘህ ሂድ» ብዬ በሩን ዘጋሁበት።

ብዙም ሳይርቅ ሁለት ወታደርና አንድ አስተርጓሚ አገኙት። በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። ለማኝ ሙሉ ድፎ ታቅፎ ሲሄድ ማን ያምነዋል? ጫካ ላሉት አርበኞች ስንቅ የሚያደርስ ነው የሚመስለው። ይህን ስሰጠው አላሰብኩም።

«የማን ስንቅ ነው?» አለው አስተርጓሚው።

«የሚካኤል።»

«የቱ ሚካኤል? ቤቱ የት ነው?»

«እሱማ ቤቱ ሰማይ ነው።»

አስተርጓሚው ሳቀና ለወታደሮቹ ነገራቸው። እነሱ አልሳቁም። በሰደፍ መቱት፤ ዳቦው ጭቃ ላይ ወደቀ።

አስካለ ክንዴን ያዘችኝ። «ውጣና ዳቦው የኔ ነው በል።»

«ውስጥ ያሉትስ?» አልኳት። እውነት ነው፣ ውስጥ አስራ አንድ ነፍስ አለ። እኔን ከመውጣት ያገደኝ ግን ይህ አልነበረም። ፈርቼ ነው።

ቤቱን እንዲያሳያቸው መልሰው አመጡት፤ በየበሩ አቆሙት። እኛ በር ደረሱ። በመሃላችን የጭራሮ አጥር ብቻ ነበር፤ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ቤት አላስገባኝም» አለ።

በሩን ሳይከፍቱት አለፉ። እሱን ግን ይዘውት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ኮልፌ ውስጥ ያየው ሰው የለም፤ ብዙ ጠይቄያለሁ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ቄሱ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ። በቅዳሴ እንዲያስቡት ለመንኳቸው።

«ስመ ክርስትናው ማን ነው?» አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው።

«እሺ፣ ከሕያዋን ጋር ላንሳው ወይስ ከሙታን?»

ያንንም አላውቅም።

ዛሬ ደጄ የቆመውን ሁሉ አስገብቼ አስቀምጣለሁ። ልጆቼ «አባባ፣ አንድ ቀን ሌባ ታስገባብናለህ» ይሉኛል፤ አልሰማቸውም። እንዲህ ባደርግም ግን ልቤ አያርፍም። ጠዋት ስጸልይ የሞቱትንም ያሉትንም በስማቸው እጠራለሁ። እሱ ጋ ስደርስ ዝም ብዬ እቆማለሁ።